ያልያዘችውን አሳማ ማግኘት

በደንብ በተያዘ የአሳማ እርባታ ከተጠቁት 100 እናት አሳማዎች 85 ያህሉ ይወልዳሉ። በሙያው ዘንድ ይህ ጥሩ ውጤት ነው። ቁጥሩን ገልብጦ ላየው ግን ሌላ ነገርም ይናገራል፤ የበረቱን ደጃፍ ሳይረግጥ «ሁሉም አርግዘዋል» ብሎ የሚፈርድ ሰው ከ100 ፍርዱ 85ቱ ልክ ይሆንለታል። እንግዲህ «አሳማ ማርገዟን በዓይኔ አውቃለሁ፣ ብዙም ተሳስቼ አላውቅም» የሚል ልምድ ያለው አርቢ ቢገኝ አልዋሸም፤ እውቀቱ ግን ገና አልተፈተነም። በ85ቱ ላይ ማንም ልክ ነው። ዓይን የሚፈተነው በቀሩት 15 ላይ ሲሆን፣ እነዚያ ደግሞ ከእርጉዞቹ ጋር አብረው የሚበሉ፣ አብረው የሚወፍሩ፣ አንዳንዴም ጡታቸው ሳይቀር አብሮ የሚያብጥ ናቸው። ስለዚህ እርግዝናን ማረጋገጥ የሚባለውን ሥራ ያልያዘችውን በጊዜ ለይቶ እንደ ማውጣት አድርጎ መያዙ ይሻላል። በዚህ በኩል ሲታይ የትኛው ምርመራ መቼ እንደሚጠቅምና መቼ እንደሚያታልል ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

ጉዳዩ የገንዘብ ጉዳይ ነው። እናት አሳማ በአማካይ 114 ቀን ታረግዛለች፤ ሁለት ሦስት ቀን ወዲህ ወይም ወዲያ ሊል ይችላል። በእርግዝናዋ ጊዜ በቀን ከ2 እስከ 2.5 ኪሎ የተመጠነ መኖ ትበላለች። ባዶ መሆኗ በ21ኛው ቀን የታወቀባት አሳማ እስከዚያ የበላችው 50 ኪሎ ቢሞላ ነው፤ በዚያው ሰሞን እንደገና ልትጠቃም ትችላለች። መውለጃዋ ደርሶ ሳትወልድ ስትቀር ብቻ የታወቀባት ግን 250 ኪሎ ያህል በልታ፣ የዓመቱንም ሲሶ ያህል ጊዜ አቃጥላለች። በአዲስ አበባና በቢሾፍቱ ዙሪያ አሳማ የሚያረቡ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚመግቡት የሆቴል ትርፍራፊ፣ ፍሩሽካና አተላ ስለሆነ «ትርፍራፊ ነው፣ ባዶም ብትሆን ምን ከሰርኩ?» የሚል ይኖራል። ትርፍራፊው ግን ከሆቴል በር እስከ በረት በራሱ እግር አይመጣም፤ የመኪና፣ የጉልበትና የጊዜ ዋጋ አለው። ደግሞም የኦርቶዶክስ ተዋሕዶም የእስልምናም ተከታይ ሥጋውን ስለማይበላ ገዢው ጥቂት ነው። ጥቂት ገዢ ያለው አቅራቢ በቀጠሮ የተጠበቀበትን ሥጋ ሳያደርስ ቢቀር የሚያጣው የአንድ ሰሞን ሽያጭ ብቻ ላይሆን ይችላል።

ለመሆኑ አሳማዋ ማርገዟን ራሷ በምን ታውቃለች? ጥያቄው ቀልድ ይመስላል እንጂ የነገሩ ሥር እዚህ ነው። ያላረገዘች አሳማ በየ21 ቀኑ፣ ሲያጥር በ18 ሲረዝም በ24፣ ድራት ይመጣባታል፤ ወንድ ትፈልጋለች። እንቁላሎቹ ከወጡበት ቦታ ላይ ቢጫ አካል የሚባሉ ትናንሽ እጢዎች ያድጉና ፕሮጀስትሮን የተባለውን ሆርሞን ያመነጫሉ፤ ይህ ሆርሞን ከፍ ብሎ እስካለ ድራት የለም። በ15ኛው ቀን ገደማ ማህፀን ፕሮስታግላንዲን የተባለ ንጥረ ነገር ወደ ደም ይለቅና ቢጫ አካላቱን ያፈርሳቸዋል። ፕሮጀስትሮን ይወርዳል፣ ድራትም ተመልሶ ይመጣል። ፅንስ ካለ ይህ መፍረስ መቆም አለበት፤ የሚያስቆሙትም ፅንሶቹ ራሳቸው ናቸው። በ11ኛውና በ12ኛው ቀን ላይ፣ ከትንሽ ክብ ፍሬነት ተነሥተው እንደ ክር በሚረዝሙበት ሰዓት፣ ኢስትሮጅን ማመንጨት ይጀምራሉ። ፉለር ባዘርና ዊልያም ታቸር እ.ኤ.አ. በ1977 ባቀረቡት ማብራሪያ መሠረት ማህፀን ይህ ምልክት ሲደርሰው ፕሮስታግላንዲን መሥራቱን አያቆምም፤ ወደ ደም መላኩን ትቶ ወደ ገዛ ጓዳው ያፈሰዋል። ቢጫ አካላቱም ሳይነኩ ይተርፋሉ። ምልክቱ ደግሞ ከአንድ ሁለት ፅንስ ብቻ አይበቃም። ክሪስቶፈር ፖልጅና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1966 የፅንሶቹን ቁጥር እየቀነሱ ባደረጉት ሙከራ፣ እርግዝናው እንዲጸና በዚያ ሰሞን ቢያንስ አራት ያህል ፅንስ እንደሚያስፈልግ አሳይተዋል። ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ይከተላል፤ እስከ 11ኛው ቀን ድረስ ያረገዘችውና ያላረገዘችው በሆርሞናቸው አይለያዩም። አሳማ በተጠቃች በሳምንቱ «ይዛለች» የሚል ሰው ከአሳማዋ ቀድሞ አወቀ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ጠንካራ ማስረጃ የሚገኘው ከ18ኛው እስከ 24ኛው ቀን ባለው ሳምንት ነው፤ ድራት ተመልሶ መጣ ወይስ ቀረ? ማስረጃው ርካሽ ነው፣ የሚጠይቀውም ትዕግሥት ብቻ ነው። ሆኖም በብዙ እርባታ የሚበላሸው እዚሁ ላይ ነው፤ ምክንያቱም «ድራት አላየሁም» ማለትና «ድራት ፈልጌ አጣሁ» ማለት አንድ አይደሉም። ጠዋት መኖ ሲያድል በበረቱ በኩል አለፍ ያለ ሰው አላየም እንጂ አልፈለገም። የፈለገ ሰው በዚያ ሳምንት በየቀኑ፣ ቢቻል ጠዋትና ማታ፣ አውራ አሳማውን በአጥር በኩል አፍንጫ ለአፍንጫ ያገናኛታል፤ ከዚያ ወገቧን በእጁ ጫን ይላል። ድራት ላይ ያለች አሳማ ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ እንደ ድንጋይ ትቆማለች፤ የሌላት ትሸሻለች ወይም ትጮኻለች። የብልት መቅላትና ማበጥ፣ መቅበጥበጥ፣ መኖ መተው አጋዥ ምልክቶች ናቸው እንጂ ብቻቸውን አይበቁም። አውራው የግድ የሚያስፈልገው ለጌጥ አይደለም። በአፉ ዙሪያ በሚያረፋው ምራቅ ውስጥ አንድሮስቴኖን የሚባል ጠረን አለ፤ ሴቲቱ ቆማ እንድትቀር ከሚያደርጓት ነገሮች ዋነኛው እሱ ነው። አውራ ሳይኖር ወገብ በመጫን ብቻ ቢሞከሩ ድራት ላይ ሆነው ሳለ የማይቆሙ ብዙ ናቸው፤ በተለይ ገና ያልወለዱ ወጣቶቹ። በዚህ መንገድ የተገኘ «የለም» ደካማ «የለም» ነው።

በአውራ ፊት በትክክል ተፈልጎ ድራት ካልተገኘስ? አሁን አርግዛለች ማለት ይቻላል? ገና ነው። ድራት መቅረቱ የሚነግረን ቢጫ አካላቱ አለመፍረሳቸውን ነው፤ ለምን እንዳልፈረሱ አይነግረንም። ይህን በጣም ግልጽ የሚያደርገው የደም ምርመራ ነው። ከ17ኛው እስከ 21ኛው ቀን ባለው ጊዜ ከአሳማዋ ደም ፕሮጀስትሮን ቢለካና ዝቅ ብሎ ቢገኝ ባዶ ናት፤ በዚህ በኩል ምርመራው እምብዛም አይሳሳትም። ከፍ ብሎ ቢገኝ ግን እርጉዝ ልትሆን ትችላለች፣ ድራቷ የዘገየባትም ልትሆን ትችላለች፣ የሐሰት እርግዝና ያለባትም ልትሆን ትችላለች። አንዱ ምርመራ ባዶዋን ለማጋለጥ ጎበዝ፣ እርጉዟን ለማረጋገጥ ግን ሰነፍ ሆኖ ይገኛል። ብዙ ሰው ደግሞ ቀለል ያለ ጥያቄ ያነሣል፤ ለሴቶች በየፋርማሲው የሚሸጠው የሽንት መመርመሪያ ለአሳማ ለምን አይሆንም? አይሆንም፤ ያ መመርመሪያ የሚፈልገውን ሆርሞን የሚሠራው የሰው እንግዴ ልጅ ነው፣ የአሳማ ፅንስ እሱን አይሠራም። ስለዚህ አሳማዋ አሥራ ሁለት ግልገል ተሸክማም ቢሆን መመርመሪያው «የለም» ነው የሚለው። የአሳማ ፅንስ ራሱ የሚያስገኘውና በደም የሚለካው ኢስትሮን ሰልፌት የተባለ ውህድ አለ፤ ከ25ኛው እስከ 30ኛው ቀን ከፍ ይላል፣ ከዚያ ይወርዳል። ጥሩ ማስረጃ ነው፤ ላቦራቶሪ ስለሚጠይቅ ግን የተራው አርቢ መንገድ ሊሆን አይችልም።

የሐሰት እርግዝናን በጥቂቱ ማየት ይገባል፤ ልምድ ያለውን ዓይን የሚያሸንፈው እሱ ነውና። ፅንሶቹ በ12ኛው ቀን ምልክታቸውን ሰጥተው ከዚያ በኋላ ሁሉም ቢሞቱ እናቲቱ መልእክቱን አንዴ ተቀብላለች፤ ቢጫ አካላቱም ለሳምንታት ሊቆዩ ይችላሉ። አጥንታቸው መጠንከር ሳይጀምር፣ ማለትም ከ35ኛው ቀን በፊት ገደማ፣ የሞቱ ፅንሶች ሰውነቷ ውስጥ ሟሙተው ይጠፋሉ፤ መሬት ላይ የሚታይ ነገር ስለማይኖር አርቢው ውርጃ ነበር ብሎ አይጠረጥርም። ሁለተኛው ምክንያት ከመኖው ይመጣል። እርጥበት ባገኘው በቆሎና በሌላም እህል ላይ የሚበቅለው ፉዛሪየም የተባለ ሻጋታ ዜራሌኖን የሚባል መርዝ ያመነጫል፤ ይህ መርዝ በሰውነት ውስጥ ልክ እንደ ኢስትሮጅን ይሠራል። ከላይ የተነገረው የፅንሶቹ ምልክት ይታወሳል፤ ሻጋታው ያንኑ ምልክት ፅንስ በሌለበት ሊያስመስል ይችላል። አሳማ ደግሞ ለዚህ መርዝ እጅግ ተጋላጭ ከሚባሉት እንስሳት አንዷ ናት። ድራት ይቀራል፣ ጡት ሊያብጥ ይችላል፣ አርቢው ግልገል ይቆጥራል፤ ማህፀኑ ግን ባዶ ነው። በክረምት የረጠበ እህል ለእኔ አይሆንም ተብሎ ወደ አሳማ በረት በሚላክበት አገር ይህ ሩቅ ስጋት አይደለም። በአንድ ሰሞን ብዙ አሳማዎች አብረው ድራት ካቆሙና ሳይወልዱ ከቀሩ፣ አውራውን ከመውቀስ በፊት የመኖ ጆንያውን ማሽተት ይቀድማል።

ፅንሱን በቀጥታ የሚያሳየው አልትራሳውንድ ነው። ድራትም ሆርሞንም በዙሪያ የሚገኙ ማስረጃዎች ናቸው፤ ይህኛው ግን ማህፀኑን ራሱን ያሳያል። አሳማዋ እንደቆመች፣ መኖ ላይ ሳለች ቢሆን ይመረጣል፣ መዳሰሻው ቅባት ተቀብቶ ከኋላ እግሯ ፊት ለፊት፣ ከጡቶቹ መስመር ከፍ ብሎ በሽንጧ ላይ ይደረግና ወደ ላይ ወደ አከርካሪዋ አቅጣጫ ይያዛል። በስክሪኑ ላይ በፈሳሽ የተሞሉ ጥቁር ክብ ቦታዎች ተደርድረው ከታዩ እርጉዝ ናት። በሠለጠነ እጅ በ24ኛው ቀን አካባቢ መለየት ይቻላል፤ ለጀማሪ ግን ከ28ኛው እስከ 35ኛው ቀን ያለው ጊዜ ይሻላል። ቀድሞ መመርመር ያጓጓል፣ ነገር ግን በ20ኛው ቀን ምንም አለመታየቱ ባዶ መሆኗን አያስረዳም፤ ፈሳሹ ገና ለመታየት ጥቂት ስለሆነ ሊሆን ይችላል። በስህተት «አለ» የሚያሰኘው ደግሞ በተለይ የሞላ የሽንት ፊኛ ነው፤ እሱም ጥቁር ሆኖ ይታያል፣ ግን አንድ ትልቅ ጥቁር እንጂ ብዙ ትናንሽ አይደለም። በመግል የተሞላ የታመመ ማህፀንም ያሳስታል። ምስል የማይሰጡና በድምፅ ወይም በመብራት ብቻ ፈሳሽ መኖሩን የሚናገሩ ቀለል ያሉ መሣሪያዎች ፊኛውን ከእንሽርት ውሃ መለየት ስለማይችሉ ይህ ስህተት ይብስባቸዋል። የሚያገለግሉትም ከ30ኛው እስከ 75ኛው ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ግልገሎቹ አድገው ከፈሳሹ ይልቅ ሥጋው ስለሚበዛ እርጉዟን «ባዶ» ማለት ይጀምራሉ። ያረገዘች መሆኗ እየጎላ ሲሄድ መሣሪያው እየታወረ ይሄዳል፤ የሚገርም ነገር ነው፣ ግን መሣሪያው የተሠራው ፈሳሽ እንዲፈልግ እንጂ ግልገል እንዲፈልግ አይደለም።

«ይህ ሁሉ ለፈረንጅ እርባታ ነው፤ ሁለት አሳማ ላለው ሰው ሆዷ ሲገፋ ማየት ይበቃዋል» የሚል ተቃውሞ መልስ ይገባዋል። ሆድ መግፋቱ እውነተኛ ምልክት ነው፤ ችግሩ መዘግየቱ ነው። የአሳማ ሆድ ለዓይን በግልጽ የሚሰፋው በመጨረሻው ወር ነው፤ ጡት የሚሞላው ከመውለዷ ሁለት ሦስት ሳምንት በፊት ነው፤ ወተት የሚወርደው ደግሞ አንድ ቀን ገደማ ሲቀራት። እነዚህ ለመውለጃ ቦታዋ መዘጋጀት ለሚፈልግ ሰው ይጠቅማሉ፣ ባዶዋን በጊዜ ለማግኘት ግን አይረዱም። ሁለት አሳማ ያለው ሰው ደግሞ ከሃምሳ ባለቤቱ ይልቅ የተጋለጠ ነው፤ አንዷ ባዶ ብትወጣ ግማሹ ምርቱ ሄደ። እውነት የሆነው የተቃውሞው ክፍል የመሣሪያው ዋጋ ነው። አንድ አነስተኛ አርቢ አልትራሳውንድ ልግዛ ቢል ሒሳቡ አይመለስለትም። ላሞችን በመሣሪያው የሚመረምር የእንስሳት ሐኪም በአካባቢው ካለ ግን ብዙ ጊዜ ያው መሣሪያ ለአሳማም ይሠራል፤ የጎረቤት አርቢዎች ተነጋግረው አሳማዎቻቸውን በተቀራረበ ሰሞን ቢያስጠቁ ሐኪሙን በአንድ ቀን ማምጣት ይችላሉ። ከበረት ወደ በረት ሲዞር መሣሪያውም ቦቲውም በፀረ ተዋሲያን መታጠቡ ግዴታ ነው፤ የአፍሪካ የአሳማ ትኩሳት ፈውስ የሌለው በሽታ ነው። የ21ኛው ቀን ፍተሻ ግን ምንም አያስወጣም፤ ስለዚህ «አቅም የለኝም» የሚለው ምክንያት እሱን ለመተው አያገለግልም።

ተቃራኒው ተቃውሞ ከባለ መሣሪያዎቹ ይመጣል፤ በ28ኛው ቀን ሁሉም ነገር በስክሪን የሚታይ ከሆነ በአውራ ፊት መፈተሽ ለምን ያስፈልጋል? መልሱ አንድ ሳምንት ነው። በ21ኛው ቀን የተገኘች ባዶ ወዲያው ትጠቃለች፤ በ28ኛው ቀን የተገኘችው ግን ድራቷ አልፎ ሄዷል፣ የሚቀጥለውን እስከ 42ኛው ቀን ትጠብቃለች። በዚያ ላይ በ28ኛው ቀን የታየ እርግዝና ሊጠፋ ይችላል። ከተጸነሱት ፅንሶች በመጀመሪያው ወር ውስጥ ሲሶው ያህል መሞቱ በአሳማ የተለመደ ነው፤ ጥቂት አሳማዎችም ሁሉንም ያጣሉ። ስለዚህ በ42ኛው ቀን አካባቢ ዳግመኛ ማየት፣ አልትራሳውንድ ከሌለም አውራውን እንደገና ማቅረብ፣ የመጀመሪያውን መልስ መጠራጠር ሳይሆን ሌላ ጥያቄ መጠየቅ ነው። የመጀመሪያው ጸንሳ ነበር ወይ የሚል ሲሆን ሁለተኛው እስካሁን አለ ወይ የሚል ነው።

እስካሁን ባዶዋን በማሳደድ ላይ አተኩረናል፤ ወደ ሌላው ጽንፍ መሄድም ያስከፍላል። ሁለቱ ስህተቶች እኩል አይደሉም። ባዶዋን «እርጉዝ» ማለት መኖና ጊዜ ያስከፍላል፤ እርጉዟን «ባዶ» ማለት ግን ግልገሎቹን በሙሉ ያስጨርሳል። ባዶ ናት ተብላ ለሥጋ የተሸጠች አሳማ በሆዷ ውስጥ ያለው ከታረደች በኋላ ነው የሚታየው። ድራቷን ለመመለስ ተብሎ ፕሮስታግላንዲን የተወጋች እርጉዝ ደግሞ ታስወርዳለች፤ የአሳማ እርግዝና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የቆመው በቢጫ አካላቱ ላይ ነው፣ መርፌው ደግሞ የሚያፈርሰው እነሱኑ ነው። ስለዚህ በአልትራሳውንድ «ባዶ» የተባለች አሳማ ላይ ሊመለስ የማይችል ውሳኔ ከመወሰኑ በፊት ከሳምንት በኋላ በሌላ ሰዓት፣ ቢቻል ሽንቷን ከሸናች በኋላ፣ ደግሞ ማየት ተገቢ ነው። በአውራ ፊት ቆማ ለቀረች ግን ይህን ያህል ጥንቃቄ አያስፈልግም፤ ከጥቂት ልዩ አጋጣሚዎች በቀር እርጉዝ አሳማ እንደዚያ አትቆምም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ቀኑ ከተጻፈ ብቻ ነው። በዚህ ረገድ የእኛ አቆጣጠር ሥራውን ያቀልለታል፤ ከጳጉሜ በቀር ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ 114 ቀን ማለት ልክ ሦስት ወር ከሦስት ሳምንት ከሦስት ቀን ነው። መስከረም 1 የተጠቃች አሳማ መስከረም 22 አካባቢ ትፈተሻለች፣ ጥቅምት 13 አካባቢ ዳግም ትፈተሻለች፣ ታኅሣሥ 25 አካባቢ ትወልዳለች። እርግዝናው ጳጉሜን ካቋረጠ ብቻ በወር ከተቆጠረው ቀን አምስት፣ ጳጉሜ 6 በምትሆንበት ዓመትም ስድስት ቀን ወደ ኋላ መመለስ ነው። ቀኑ ተጽፎም ታኅሣሥ 25 አልፎ ጥር 16 አካባቢ የምትወልድ አሳማ ትገጥማለች። አብዛኛውን ጊዜ እርግዝናዋ ረዝሞ አይደለም፤ መስከረም 22 ድራቷ ተመልሶ፣ አብሯት በበረቱ የሚውለው አውራ ማንም ሳያይ ዳግመኛ አጥቅቷት ነው። አውራን ከሴቶቹ ጋር ቀላቅሎ ማኖር ለብዙ ሰው ቀላል መፍትሔ ይመስላል፤ ሆኖም መቼ እንደተጠቃች፣ ድራቷ ተመልሶ እንደነበር፣ ለየትኛው ቀን የመውለጃ ቦታ እንደሚዘጋጅላት የሚያውቅ አይኖርም። አውራው ለብቻው ታስሮ፣ በቀጠሮ ወደ አጥሩ ሲመጣ ብቻ ነው ሁለቱንም ሥራ የሚሠራው፤ ማጥቃትንም፣ ባዶዋን ማጋለጥንም።